ከጀርባዋ የምትታወቀው ኤሊ

ለሥራ ጭሮ ከተማ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። ከቢሮ ወጥቼ የተከራየኋት ክፍል እስክደርስ የማናግረው የባጃጅ ሾፌሩን ብቻ ነበር። እናቴ ከበደሳ እየደወለች «ጓደኛ አገኘሽ?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ። ያ «አዎ» እውነት መሆን የጀመረው የትምህርት ማስረጃዬን ላስባዛ ኮፒ ቤት የገባሁ ቀን ነው።

ጠረጴዛው ላይ አውሬ የተሳለባቸው ትንንሽ የመጫወቻ ካርዶች ተደርድረው ነበር። ፋብሪካ የሚያወጣቸው ዋናዎቹ እኛ ዘንድ አይሸጡም። ባለቤቱ ሥዕሎቹን በስልኩ አውርዶ ያትማል፣ በመቀስ ይቆርጣል፣ በላስቲክ ይለብጣል።

«እሑድ ከሰዓት እንጫወታለን፤ ነይ» አለኝ።

ሰው የተሰበሰበበት በር ላይ ደርሼ የምመለስ ሰው ነኝ። ያን እሑድ ግን ገባሁ።

ጨዋታው ከባድ አይደለም። ሁሉም የራሱን ካርዶች መርጦ ይይዛል፤ የማይፈልገውን ከሌላው ጋር ይለዋወጣል። ጀርባቸውን ለተጋጣሚ አዙሮ ይዞ፣ ተራው ሲደርስ አንዱን አውሬ ይጥላል፤ ጉልበቱ የበለጠ ያሸንፋል። የእኔን ካርዶች የቆረጥኳቸው ራሴ ነበርኩ፤ ቀጥ አድርጌ መቁረጥም አልሆነልኝም። በተለይ ኤሊዋ አንድ ጥግዋ ተሸርፏል። ጉልበት የላትም፣ ግን ወድጃት አልለውጣትም ነበር።

ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው የገለምሶ ልጅ ነበረች፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች።

«ኦቦሌቲ፣ የእኔ እህት፣ ኤሊዋን ይዘሻል አይደል?»

ካርዶቼን ወደ ደረቴ አስጠጋለሁ።

«ወላሂ ይዛታለች! ጥግዋ ይኸው!»

«በኤሊ ልትዋጋ?» ይላል ባለቤቱ። «እስክትደርስ እኛ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን።»

«ተዋት፣ ቀስ ብላ ትምጣ። መንገዱ ዳገት ነው» ትለዋለች የገለምሶዋ ልጅ።

ሳቁ ቤቱን ይሞላዋል። እኔም እሸነፋለሁ፤ ማን እንዳሸነፈም የሚያስታውስ የለም። ሳልናገር የሚያውቁኝ ሰዎች መሃል የተቀመጥኩት እዚያ ብቻ ነው።

ከዚያ ድሬዳዋ ውድድር እንዳለ ተሰማ። ባለቤቱ ደንቡን ጠይቆ መጣ፤ ከጀርባው ተለይቶ የሚታወቅ ካርድ አይፈቀድም። ትክክል ነው፣ ምን ይባላል? የሁላችንንም እንደ አዲስ አትሞ፣ በመቁረጫ ማሽን እኩል አድርጎ ቆረጠልን።

«ለአንቺ ብለን እኮ ነው» አለችኝ የገለምሶዋ ልጅ። «ሰው ሁሉ እጅሽን እያየ እንዴት ታሸንፊያለሽ? ኤሊዋንም አውጫት፤ ዝም ብላ ቦታ ትይዛለች።»

ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። አወጣኋት።

ከዚያ ወዲህ እሑዶቹ ጸጥ አሉ። ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሰዓት ይቆጥራል፤ ሻዩ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን የገለምሶዋን ልጅ አሸነፍኳት። ካርዶቹን አየች፣ እኔን አየች።

«ምን እንደያዝሽ ጭራሽ አላወቅኩም» አለች። «ጎበዝ!»

የምትጨምረው ነገር ያለ መስሎኝ ጠበቅኩ። ካርዶቿን ሰብስባ ቀጣዩን ተጋጣሚ ጠራች።

«ድሬ አብረሽን ነይ፤ አሁንማ ችለሻል» ብለውኝ ነበር። ሥራ አለብኝ አልኩ። ሥራ አልነበረኝም። ኮፒ ቤቱ የምሄደው ለድል እንዳልሆነ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ሲነሱ ልሸኛቸው መናኸሪያ ሄድኩ። ገና ሳይነሱ ስለ ካርድ አመራረጥ መከራከር ጀምረው ነበር። መንገድ ላይ ሂርና ሲደርሱ ፎቶ ላኩልኝ፤ በመስኮቱ በኩል የጫት ነጋዴዎች ይታያሉ፣ የእነሱ ዓይን ግን ካርዳቸው ላይ ነው።

ከሰዓት በልማድ ወደ ኮፒ ቤቱ ወረድኩ። እንደሚዘጋ አውቅ ነበር። ተዘግቷል።

ክፍሌ ተመልሼ ሳልጥል ያስቀመጥኳቸውን አሮጌዎቹን ካርዶች አወጣሁ። አልጋው ላይ ለሁለት ሰው አደልኩ፤ አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ፊት ለፊቴ ለሌለ ሰው። ጨዋታ አልሆነም፤ ሁሉንም ከጀርባቸው አውቃቸዋለሁ። ኤሊዋ የደረሰችው ለወዲያኛው ነበር፤ የተሸረፈው ጥግዋ ወደ እኔ ዞሮ ተቀምጧል።

«ኤሊዋን ይዘሻል አይደል?» አልኩ ድምፄን አውጥቼ።

ውጭ ባጃጅ አለፈ። ተራው የወዲያኛው ስለነበር ትንሽ ጠበቅኩ።