አዲሱ ሞተሬ እና የአበጀ ጥርስ

ዛሬ ጠዋት ወገዳ ገበያ መሀል የሰው ጥርስ በቡጢ አወለቅሁ።

ትናንት የገዛሁት ሞተር ብረግጠው ብረግጠው አልነሳ አለ። መካኒኩ ካርብሬተሩን ሲፈታው ከቤንዚኑ ጋር ውሃ ወረደ።

ቤንዚኑን በሃይላንድ የሸጠልኝ አበጀ ነው። ደሜ ፈላ። ሄጄ «ውሃ ትሸጥልኛለህ?» ብዬ አፉን በቡጢ አልኩት። ከወደቀም በኋላ ረገጥኩት። (ሞተሩን ስረግጥ ስላረፈድኩ እግሬ ለምዷል።)

«እመብርሃንን! ውሃ አልጨመርኩም!» ይላል፤ ማን ሰምቶት። ገበያተኛው በዱላ አስፈራርቶ አላቀቀን።

ይሄኔ እናቴ እየሮጠች ደረሰች።

«ልጄ፣ ተው! እኔ ነኝ! መንገዱ ገደል ነው፣ ክፉ አይንካህ ብዬ ጠበል ጨመርኩበት።»

«የት?»

«ቤንዚኑ ውስጥ ነዋ! ላዩን ብረጨው ዝናብ ያጥበዋል ብዬ።»

አበጀ ደሙን እየተፋ፣ «እማማ፣ የተረፈ ካለ እኔንም ይርጩኝ» አላት።

ሞተሩማ ታንከሩ ተራግፎ፣ ንጹህ ቤንዚን ተሞልቶ ተነሳ። የአበጀን ጥርስ የሚመልስ መካኒክ ግን የለም። ለእርቅ ሽማግሌ ልኬያለሁ።

እናንተስ፣ ሳታጣሩ እጃችሁ የቀደመበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ስቆም ብቻዬን አልሁን።