መብራት የማይጠፋበት ማዶ

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር የኖርንበት መንገድ ጠባብ ነው። ሆኖም በሙቀቱ ወራት መብራት በየተራ ሲጠፋ የእኛ ረድፍ ፀጥ ይላል፣ ማዶው ግን አይነካም። የማዶዎቹ ቤቶች ከኩላሊት እጥበት ማዕከሉ ጋር በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ያንን መስመር ደግሞ የሚያጠፋው የለም።

እትዬ የምላቸው ሴት በሥጋ አይዛመዱኝም። ካርቱም ስገባ የተቀበሉኝ፣ ሰው ቤት ሠርቼ ከሰዓት በኋላ ስመለስና ደብተሬን ስዘረጋ “ተማሪ አታናግሩብኝ” እያሉ ጎረቤት የሚያባርሩልኝ የጎንደር ሴት ናቸው። ሳንባቸው ሲደክም ሶባ ሆስፒታል ያለው ሐኪም የኦክስጅን ማሽን አዘዘላቸው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይጮህና ዝም ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው የእትዬ ትከሻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሐጃ ከቤታቸው ገመድ እንድንስብ ነገሩን። እኔ ሳላጣራ የምነካው ነገር የለም፤ ምሰሶ ላይ ይሠራ የነበረ የመብራት ሠራተኛ እስኪወርድ ጠብቄ ጠየቅሁት።

“ለአንድ ማሽን ብትስቢ ማንም አይጎዳም” አለኝ። “ነገ ግን ጎረቤትሽ ለፍሪጁ ይስባል፣ ሌላው ቤት ይቀዝቅዝልኝ ብሎ ለሙከይፉ። መስመሩ ሲከብደው መብራት የሚሄደው ደማቸው በማሽን በሚታጠብ ሰዎች ላይ ነው።”

እውነቱን ነበር። መብራቱን ማምጣት ካልተቻለ እትዬን ወደ ሐጃ ቤት መውሰድ ነው አልኩ፤ ሐጃም “አምጪያት” አሉ። እትዬ ግን እምቢ አሉ።

“ሰው ቤት ሄጄ ልጋደም? ለዚያውም በረመዳን?”

ሐጃ በራችን ላይ ቆመው ኖሯል፤ ከአማርኛው “ረመዳን” የምትለዋ ብቻ በቅታቸዋለች። “ያ ኡኽቲ፣ ተኚ አልኩሽ እንጂ ብዪ አልኩሽ? ያላ፣ ተነሺ!”

የማሽኑ ጎማዎች አሸዋ ውስጥ እየሰመጡ ስላስቸገሩኝ ተሸከምኩት። ሐጃ በርጩማ ይዘው ወጡ። እትዬ መንገዱ መሀል ተቀምጠው ትንፋሽ ሰበሰቡ፤ ረክሻ ነጂው እንኳ ጡሩምባውን ሳይነካ ቆሞ ጠበቀ።

ያ ዓመት የሰኔ ጾምና ረመዳን የገጠሙበት ነበር። እትዬ፣ ታማሚ ነዎት ቢባሉም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ሽሮአቸውን ሸፍኜ ይዤላቸው እሻገራለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ አይነኩትም።

“በጾመኛ ፊት?” ይሉኛል፣ ሐጃ እንዳይሰሙ ይመስል በሹክሹክታ፤ ሐጃ አማርኛ እንደማያውቁ እያወቁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆያሉ። ማሽኑ የሚሰጣቸውን አቅም ረሀቡ ሲወስድባቸው አያለሁ።

ሐጃ ሳህኑ ሳይገለጥ ሲመለስ አዩ። በማግስቱ ዘጠኝ ሲሆን “ልስገድ” ብለው ወደ ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉ። ሶላታቸው ያን ያህል ረዝሞ አያውቅም። በመጨረሻ ከውስጥ ጮኹ።

“ያ ኡስታዛ! ሴትየዋ ጨረሰች ወይ? ጉልበቴ አለቀ እኮ!”

መጽሐፍ ስለማይለየኝ ነበር አስተማሪ የሚሉኝ፤ አራተኛ ክፍል መሆኔን አላመኑም። እትዬ ሲስቁ ጉርሻው ትን ብሏቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሐጃ ሶላት በየቀኑ ረዘመ፣ ሳህኑም በየቀኑ ባዶውን ተመለሰ። ከምግቡ በኋላ ለእትዬ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ፤ ሐጃ ስለ ባለታሪኳ “ምን ሆነች ሴትየዋ?” ሲሉ በወጥ ቤት አረብኛዬ እመልሰዋለሁ። እሳቸው ቃሉን ያርሙልኛል፣ እትዬ ደግሞ “ቶሎ ቀጥዪ፣ አታስረዝሚው” ይሉኛል። ያነበብኩትን መጽሐፍ ከፊሉን ረስቼዋለሁ። የሚናፍቀኝ ሁለቱ በሁለት አልጋ ተጋድመው፣ አንዷ በአማርኛ አንዷ በአረብኛ፣ በአንዲት ሴት ታሪክ ሲጨቃጨቁ የነበረው ድምፅ ነው።

እኔ ግን የሐኪሙን ወረቀት ይዤ መብራት ቢሮ መመላለሴን አልተውኩም። በዓመቱ ትራንስፎርመሩ በትልቅ ተቀየረና የእኛም ረድፍ ከማዕከሉ መስመር ጋር ተቀጠለ። የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። እትዬ ከአልጋቸው ሳይነሱ መተንፈስ ቻሉ። ሐጃ አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ አመጣጣቸው ግን የጠያቂ ነው፣ በሩ ላይ “ኢንሻላህ ትድኛለሽ” ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

“ዛሬ አይጠፋም?” ይሉኛል እትዬ።

“አይጠፋም። እኛም እኮ አሁን የማይጠፋው ላይ ነን።”

“እንዲያ ነው?” ብለው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ማሽኑ ይጮሃል። እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል።

“ጠፋ” አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ።

በእኛው ረድፍ ካለው ጎረቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ከአልጋው አጠገብ ያለውን ቆጣሪ አየሁት፤ ማጥፊያው ወደ ታች ወርዷል። እጄን ልሰድ አልኩና ተውኩት። እትዬ የነጠላቸውን ጥለት ያስተካክላሉ።

“እውነትም ጠፍቷል” አልኩና ማሽኑን ተሸክሜ፣ ሐጃ በርጩማቸውን ይዘው እንዲወጡ ከደጅ ተጣራሁ።