የወንዙን ውሃ ለወንዙ

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው። በሩ ሲከፈት የእርጥብ ካልሲ፣ የወጥና የሽንት ሽታ ተደባልቆ መጣብኝ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ግባ እንጂ! ሙሽራ ነህ እንዴ?» አለኝ ፖሊሱ ከኋላዬ።

ስልኬንና ቀበቶዬን ተቀብለውኛል። የላስቲክ ቦት ጫማዬ ግን ክር ስለሌለው ማንም አልነካውም። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሰዎች ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። አንዱ ሳቀ፤ አልፈረድኩበትም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ከተቀበሉኝ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ሁለት ዓመት አመልክቼ፣ ሁለት ዓመት ተመልሼ፣ በሦስተኛው ነው የተሳካልኝ። ቤተ ሙከራውን የሚመሩት ዶክተር ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። «ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ የወንዝ ውሃ ናሙናህን ይዘህ ትመጣለህ፣ ትመዘገባለህ» አሉኝ። «ሰኞ ከቀረህ ግን ቦታው ለተጠባባቂዋ ያልፋል፤ በኋላ እንዳትወቅሰኝ።»

እኔን ብሎ ቀሪ! ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ከየካ አባዶ ወጥቼ፣ ከኢምፔሪያል ወረድ ብሎ ያለ ድልድይ ሥር ገባሁ።

የእኛ ሥራ አንድ ሥርዓት አለው። ናሙና ከመቅዳትህ በፊት ጠርሙሱን በዚያው በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀህ ትደፋለህ፤ በአራተኛው ትሞላለህ። የሙያው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያደርገው ነገር ነው። ድልድዩ ላይ ለቆመ ሰው ምን እንደሚመስል ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ጓንት ያጠለቀ ሰው ከሳጥን ጠርሙስ እያወጣ ወንዝ ውስጥ ይደፋል፤ ያውም ከተማው ሁሉ በጎሪጥ በሚተያይበት ሰሞን! «መርዝ ነው!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። በቃ።

መርማሪው ከሰዓት በኋላ ሲያስጠራኝ ስለ ውሃው አልጠየቀኝም።

«ማን ነው የላከህ?»

«ማንም።»

«ግቢ እያለህ የተማሪዎች ሰልፍ ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«አየህ» አለና ጻፈ። ጠርሙሶቼ በበረዶ የታሸጉበት ሳጥን ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። በረዶው እየቀለጠ ነው። ናሙናው ከሞቀ አይሆንም።

«እባክዎ፣ ትንሽ በረዶ ይገኛል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። በሙያው ዘመን ሁሉ በረዶ የጠየቀው እስረኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ክፍሉ ውስጥ ቦታ የሰጠኝ ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግድ የወሎ ሰው ነው፤ ጢሙ የሸበተ ትልቅ ሰው። ሱቁ ውስጥ ስለ መንግሥት ተናግረሃል ብለው ነው ያመጡት። «አብሽር፣ ና እዚህ ጋ» ብሎ ብርድ ልብሱን ሰበሰበልኝ። ጉዳዬን ስነግረው «ዶክተሬ» ይለኝ ጀመር። ዶክተር እንዳልሆንኩ ብነግረውም አልሰማኝም።

«እና እዚያ ቤት ምን አለ?» አለኝ ዓርብ ጠዋት።

ነገርኩት። መስኮት ሥር ያለውን ጠረጴዛ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርመውን ማቀዝቀዣ፣ በፕላስተር ላይ ስሜን ጽፈው የለጠፉልኝን መሳቢያ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጣሪያው ስለሚንቀጠቀጥ ዝም እያልኩ ነበር የማወራው።

«መሳቢያ?» አለ። «ሰው ለመሳቢያ እንዲህ ይሆናል?»

ልስቅ ፈልጌ እንባዬ መጣ። ናፈቀኝ። አንድ ቀን እንኳ ያልተቀመጥኩበት ቦታ እንደ እናት ቤት ናፈቀኝ። እሱም አይቶ ፊቱን አዞረልኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ እህቴ ስንቅ ይዛ መጣች። ወጡን ፖሊሱ ፊት ቀምሳ አሳለፈችልኝና በአጥሩ በኩል «ዶክተሯ ደውለው ነበር» አለችኝ። «እስከ ሰኞ ነው፣ ከዚያ በላይ ከእጄ ውጪ ነው ብለዋል። ምን ልበላቸው?»

«ይመጣል በያቸው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪው የቃሌን ወረቀት ዘረጋልኝ። ስሜ ልክ ነው፣ ሰፈሬ ልክ ነው፣ ሰልፉም ልክ ነው። መሃል ላይ ግን አንዲት መስመር አለች፦ «ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ ወደ ወንዙ ስደፋ ተይዣለሁ።»

«ፈርም። ዛሬውኑ በዋስ ትወጣለህ፤ ሰኞ ትምህርትህ ትገባለህ» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነው።

«ፈሳሹ ይታወቃል። የወንዙ ውሃ ነው። መልሼ ነው የደፋሁት።»

«ያው ነው።»

«ያውማ አይደለም።»

«እስከ አሥር ሰዓት አስብበት» አለና መለሰኝ።

ሽማግሌው ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። «ፈርም! ወላሂ ፈርምና ውጣ! አንዲት መስመር እኮ ናት፣ ማን ያነባታል?»

«እርስዎ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር?»

የብርድ ልብሱን ጫፍ ሲፈትል ቆየና «እኔ እኮ መሳቢያ የለኝም» አለኝ።

ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ። ከወረቀቱ ላይ ስሜን ብታገኝ፣ ወንዙን መርዞታል ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ታምናለች። ከእኔ በኋላ ጠርሙስ ይዞ የሚወርደውን ተማሪ ማን ያምነዋል? ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ እልህም ነበረበት።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ አይደለዝም። የተሰረዘው እንዲነበብ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ታሰምርበታለህ፤ ትክክለኛውን ከላይ ጽፈህ ከጎኑ ትፈርማለህ። አሥር ሰዓት ላይ እስክሪብቶውን ተቀብዬ እንደዚያ አደረግኩ። «ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ» የሚለው ላይ አሰመርኩና ከላዩ «ለማለቅለቂያ የቀዳሁትን የወንዙን ውሃ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።

መርማሪው ብዙ አየው። አልጮኸም፣ አልመታኝምም። «እንግዲህ በገዛ እጅህ ነው» አለና ወረቀቱን አጠፈው።

ስመለስ ሽማግሌው ግድግዳ ሥር ያለውን የራሱን ቦታ ለቀቀልኝ። ሰኞ ፍርድ ቤት ወስደው ጊዜ ቀጠሮ ጠየቁብኝ። ዳኛው ፊት ቆሜ ያየሁት የግድግዳውን ሰዓት ብቻ ነው፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ «ሂድ» አሉኝ። ቦታዬን ተጠባባቂዋ ይዛዋለች። ምን ታድርግ፣ የእሷም ሕልም ነው።

ብዙ ዓመት አለፈ፤ ዛሬ ገርጂ አንድ የግል ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን እወዳቸዋለሁ። አይቆጭህም ወይ የሚለኝ ሰው አለ። በመስመሩ አይቆጨኝም። በሰኞዋ ግን ይቆጨኛል፤ እንዴት አይቆጨኝ! ዘንድሮም አመልክቼ ነበር፤ ዕድሜህ አልፏል ዓይነት ደብዳቤ ነው የደረሰኝ።

ባለፈው ወር በዚያ በኩል ሳልፍ እግሬ በራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ወሰደኝ። ጥበቃው ወጣት ነው፤ ሸበቶዬን አየና ግራ ገባው።

«ተማሪ ኖት?» አለኝ።

ጣቢያ ውስጥ ለነፃነቴ ስል ያልወጣኝ ውሸት፣ እዚያ በር ላይ ሳላስበው ወጣኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ይለፉ» አለኝ። አለፍኩ።