ታንከሩን ሳልዘጋ

ዛሬ ጠዋት አስመራ፣ ማይ ተመናይ ሰፈር ያለው ቤቴ አንድ ወጣት ቅጽ ይዞ መጣ። "አቦይ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?" አለኝ። አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ዘሀራ ከጓዳ "ይመጣል፣ አልሐምዱሊላህ! ግባ ልጄ፣ ሻሂ ጠጣ!" አለችው። ውሃ ከመጣ ሳምንት አልፎታል። ጣሪያው ላይ ታንከር ውስጥ ያለው ከቦቴ ገዝተን ያስሞላነው ነው።

በዚያ ልጅ ዕድሜ እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ነበር። የኤርትራ ነጻነት ገና ትኩስ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ አስመራ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ በየሕንፃው እየዞርኩ የውሃው መስመር አስተማማኝ መሆን አለመሆኑን እንድመዘግብ ተቀጠርኩ። ውሃ ለማይደርስባቸው ፓምፕ ሊተከል ታስቧል፤ ሰው ችግሩን እንዳያጋንን ግን ይህን ትንፍሽ እንዳንል ታዘናል። ሌላም ትእዛዝ ነበር፦ መጀመሪያ ጣሪያ ወጥተህ ታንከሩን ትዘጋለህ፣ ከዚያ ቧንቧ ትከፍታለህ። ያኔ ውሃው ከመንገዱ መስመር ይምጣ አይምጣ ይለያል።

ሚያዝያ ነበር፤ ዝናብ የለ፣ በለስ አልደረሰ። ገጀረት ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አደይ ለተብርሃን ተቀበሉኝ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ናቸው። ትኩስ ሕምባሻ ቆርሰው፣ ቅርንፉድ የገባበት ሻሂ ቀዱልኝ።

"ውሃ ይመጣል፣ አደይ?"

"እወ! ነጻነት መጥቶ ውሃ አልመጣም ልበልህ?" አሉና ቧንቧውን ከፈቱት። ተንፎለፎለ። "ታጠብ፣ ወደይ፣ ልጄ።"

ታንከሩን ልዘጋ ብነሳ ቅር አላቸው። "ሻሂው ሊቀዘቅዝ ነው! የእኔ ቃል አይበቃህም?" እናትን ማን ይጠረጥራል? ተቀመጥኩ። "አስተማማኝ" ብዬ ጻፍኩ። ሕምባሻው፣ ወላሂ፣ ጣዕሙ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም።

ፓምፑ ለጎረቤት ሕንፃ ተተከለ፤ ለእሳቸው ቀረ። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከቦቴ የቀዱትን ጀሪካን ተሸክመው ደረጃው ላይ ወደቁ ሲባል ሰማሁና ሮጥኩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። ጎረቤታቸው በር ላይ ሁሉንም ነገረችኝ። የመንግሥት ሰው ይመጣል ሲባል፣ ገመናቸው እንዳይታይ የሕንፃው ሴቶች በርሜሎቻቸውን ደብቀው፣ ውሃ በባልዲ እያመላለሱ ታንከሩን ሞልተውት ኖሯል። አደይም በዚያ ጉልበታቸው ተሸክመዋል። እኔ ጅሉ እጄን የታጠብኩት በዚያ ውሃ ነው።

የፓምፑን ነገር ልነግራቸው ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ። "ይቅርታ፣ ወደይ፤ ዛሬ የምትታጠብበት ውሃ እንኳ የለኝም።"

ሳልነግራቸው ወጣሁ። ክረምቱን አልጨረሱትም። ሰው "ቀናቸው ደርሶ ነው" ይለኛል። እኔ ግን የጻፍኩትን አውቃለሁ፤ አላህም ያውቃል።

ዛሬ ያ ልጅ ሻሂውን ሲያነሳ ክንዱን ያዝኩት። "ተወው ሻሂውን! ጣሪያ ውጣና መጀመሪያ ታንከሩን ዝጋው!" ዘሀራ በእፍረት አንገቷን ደፋች። ልጁ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀም።

"ኧረ አቦይ፣ የእናትን ቃል ልጠራጠር?" አለና ታንከሩን ሳይዘጋ ቅጹ ላይ ፈረመ።