የእህቴ ጾም

ታናሽ እህቴ ረመዷን ካለፈ በኋላም መጾሟን አላቆመችም። መጀመሪያ ከረመዷን ቀጥሎ ከሚመጣው ከሸዋል ወር ስድስት ቀን ጾመች፤ ቀጥላ ሰኞና ሐሙስን ያዘች፤ ከዚያ በኋላ የማትጾምበትን ቀን ማወቅ አቃተን። እናታችን ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ዲኗን ያዘች» እያለች ትኮራ ነበር። ሐይቅ ከተማ ባለችን የጨርቅ ሱቅ አብረን ስለምንውል፣ ቀሚሷ እየሰፋት መሄዱን ከሁሉ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንዲያውም «አማረብሽ» አልኳት።

በግንቦት ሙቀት ሹራብ ደርባ መቀመጥ ጀመረች። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። አንድ ምሽት አባታችን የምትወደውን ዓሣ አስጠብሶ አመጣላት። ጎርሳ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት ብሄድ ጉርሻውን ከጉንጯ አውጥታ ለድመት ስትጥል አገኘኋት።

«ለእማ እንዳትነግሪ» አለችኝ። «ከዋጥኩት ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰድበኛል።»

አልነገርኩም። እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝ በዚህ ነው።

እናቴ ዓይን በልቷት ነው ብላ ሸህ ዘንድ ወሰደቻት። ሸሁ ዱዓ አደረጉላትና ፊቷን ትክ ብለው አዩት። «የታመመ ሰው ጾም የለበትም። ሐኪም ዘንድ ውሰዷት» አሉ። እህቴ አለቀሰች፤ መደበቂያዋን ነበር የወሰዱባት።

በሳምንቱ ሱቅ ውስጥ ወደቀች። በሚኒባስ ደሴ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሟ እናቴን አስቀምጣ፣ «እልህ አይደለም፤ ቅንጦትም አይደለም» አለቻት። «ይርባታል፤ ግን ምግቡ ያስፈራታል። የአእምሮ ሕመም ነው፤ ልቧንም ጎድቶታል። በአንዴ ብዙ ካበላናት ደግሞ የተራበው ሰውነቷ አይችለውም፤ ልትሞት ትችላለች።»

ሳምንታት ተኛች። ከወጣች በኋላም ለምክር ደሴ ትመላለስ ነበር። ቤት ስትበላ ከእኛ አንዱ ሳይለምን፣ ሳይቆጣ አጠገቧ ይቀመጣል። በቀጣዩ ረመዷን እንዳትጾም ታዘዘች። ቀትር ላይ በሩን ዘግተን ሳህኑን አቀረብኩላት።

«አገር ሲጾም እኔ እበላለሁ?»

«ሐኪሟም ሸሁም ብለዋል።»

«እነሱ አይውጡልኝም» አለችና እንባዋ እየወረደ አላመጠች።

በዓመቱ አገረሸባት፤ እንደገና ተኛች። ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ የነበረ ሰው «በሽታዋ አይታወቅም» ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሰ። አሁን ትበላለች፤ ትንሽ፣ በሰዓቱ፣ መድኃኒት እንደሚወስድ ሰው። ሐኪሟ «እየተሻላት ነው» ትላለች፤ «ድናለች» ስትል ግን ሰምቼ አላውቅም።