ከሰበታ ሽቲፕ፦ ማሽን ነቅዬ ላመጣ የሄድኩበት መንገድ

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በቴሌቪዥን በተነገረ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሻንጣና የመፍቻ ቦርሳ ይዤ ከሰበታ ተነሳሁ። የምሄደው መቄዶንያ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አገሩን የሚያውቁት ጳውሎስ የረገጠው ምድር መሆኑን ነው፤ እኔንም እንደ ወንጌል መልእክተኛ ጸልየው ሸኙኝ። ሥራዬ ግን ማሽን መንቀል ነው። የስፌት ማሽን መካኒክ ነኝ። የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ሽቲፕ በምትባል የመቄዶንያ ከተማ የቆየ ፋብሪካ አለው። እሱን ዘግቶ ማሽኖቹን ወደ ሰበታ ሊያዞር ወስኗል። እኔ ሄጄ ማሽኖቹን ልማር፣ ልፍታ፣ ላሽግ፤ ከዚያ ተመልሼ ሰበታ ላይ ልተክላቸው ነው።

ባለቤቴ አስቴር እዚያው ፋብሪካ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለታችንም ሥራ ፍለጋ ከወላይታ የመጣን ነን። ከልጃችን ከሜሮን ጋር የምንኖረው ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው። ኦቦ ቶሎሳ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባወራ ናቸው። ልጃቸው ገመቹ ፕላኑን በተቃወመው የኅዳር ሰልፍ ተይዞ አልተፈታም። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆነውም እስከ ዋናው በር ሸኙኝ።

«ሩቅ ነው?» አሉኝ።

«ሩቅ ነው አባባ። በአውሮፕላን ነው።»

«ሂድ በል። ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግባ። ቤትህን እኛ አለንልህ።»

ሚኒባሱን አየር ጤና እስኪደርስ ፖሊሶች ሦስት ቦታ አስቆሙት። ወርደን መታወቂያ አሳየን፣ ተፈተሽን፣ ተመልሰን ገባን። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ቡራዩ ያለች እህቷ ስልክ አላነሳ ብላት ደጋግማ ትደውላለች። ረዳቱ ሱሉልታም መንገድ ተዘግቶ እንደነበር ነገረን። ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥ ማንም ከማያውቀው ሰው ጋር ብዙ አያወራም ነበር።

ከስኮፕዬ ወደ ሽቲፕ

በኢስታንቡል በኩል ስኮፕዬ ገባሁ። ከአውቶቡስ ተራው ስድሳ ዲናር ከፍዬ፣ ወደ ሃያ አራት ብር መሆኑ ነው፣ ቡሬክ የሚሉትን በሥጋ የተሞላ ኬክ መሳይ ነገር ከእርጎ ጋር በላሁ። ያጠግባል። አውቶቡሱ ቫርዳር የሚባለውን ወንዝ ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። ወንዙ ቡናማ ነው፤ ግራና ቀኙ ድንጋያማ ተራራ፣ ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ በረዶ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ አገሩ ተከፈተ፤ ባዶ ኮረብታ በኮረብታ ላይ፣ በመሐል የወይን እርሻ። ሰው አይታይም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ቢያንስ አንድ ሰው ሲሄድ ይታያል፤ እዚህ ግን ከመኪና ሌላ የሚንቀሳቀስ የለም።

መንገድ ላይ ፖሊሶች ገቡ። ጊዜው ስደተኛ በግሪክ በኩል ገብቶ ያን አገር አቋርጦ ወደ ላይኛው አውሮፓ የሚሄድበት ነበር። አውቶቡሱን ሙሉ አልፈው እኔ ጋ ቆሙ።

«ሶሪያ?» አለኝ አንዱ።

«ኢትዮጵያ።»

«ወዴት? ጀርመን?»

«ሽቲፕ።»

ፓስፖርቴን ገልጦ የሥራ ቪዛውን አየና ጮክ ብሎ ለአውቶቡሱ አነበበው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ዞረው በእንግሊዝኛ፣ «የኔ ልጅ፣ ከሽቲፕ የሚወጣ እንጂ ወደ ሽቲፕ የሚሰደድ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለምን እንደምሄድ ግን አልነገርኳቸውም።

የቬራ ቤት

ሽቲፕ በኮረብቶች መሐል የተቀመጠች ከተማ ናት። አናቷ ላይ የፈረሰ ምሽግ አለ፤ ከታች ቀጭን ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ፋብሪካዎች። ግማሽ ከተማው በስፌት ነው የሚኖረው። ኩባንያው የተከራየልኝ ክፍል ቬራ የምትባል ሴት ቤት ውስጥ ነው። ቬራ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞቷል፣ አንድ ልጇ ጣሊያን ነው። እዚያው ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍታለች።

የመጣሁበትን ሁሉም ያውቃል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሴቶቹ አላናገሩኝም። በሻይ ሰዓት ስቀመጥ ተነስተው ሌላ አግዳሚ ላይ ይሰፍራሉ። ቬራም ማታ ሳህን ታስቀምጥልኝና «ቾርባ» ብላኝ ትሄዳለች። ሾርባ ማለቷ ነው፤ ሻይንም ቻይ ነው የሚሉት። ቃሉ ይገባኛል፣ ፊቷ ግን ዝግ ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የእኔ የተሰባበረ መቄዶንኛና የእሷ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ተረዳድተው አወራን።

«ማይስቶር፣ ሚስት አለህ?» ባለሙያን ማይስቶር ነው የሚሉት።

«አለችኝ። እሷም ሰፊ ናት።»

«ስንት ይከፍሏታል?»

ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ወደ ዲናር መነዘረችው። ደግማ መነዘረችው።

«በሳምንት?»

«በወር።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ የሚስትህን ፊት ሳላይ ስረግማት ከረምኩ» አለችኝ። በማግስቱ በሻይ ሰዓት ያለሁበት አግዳሚ ላይ መጥታ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከትለዋት መጡ።

ነቀላ

ሥራው መስመር በመስመር ነበር። አንድ መስመር ሥራ ሲጨርስ ሴቶቹ ይሰናበታሉ፤ በማግስቱ እኔና ሁለት የአገሩ ሰዎች ገብተን እንፈታለን። ሞተሩን ለብቻ፣ ጠረጴዛውን ለብቻ፣ ብሎኑን በላስቲክ አስረን ቁጥር እንለጥፋለን። ጠርዝ የሚዘመዝመውን ኦቨርሎክ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራውን፣ ባለሁለት መርፌውን፣ ሁሉንም ተማርኩ። በሙያዬ እንደ እነዚያ ወራት ያደግሁበት ጊዜ የለም። ይህን መደበቅ ውሸት ይሆናል። ቀን በሥራው ደስ ይለኛል፤ ከሥራ ስወጣ የተሰናበቱት ሴቶች ገበያው አጠገብ ቆመው ሳይ አንገቴን እደፋለሁ።

የቬራ መስመር የመጨረሻው ነበር። ጠዋት ስገባ ቀድማኝ መጥታ ማሽኗን ስትወለውል አገኘኋት። ዘይት አጠጥታዋለች።

«ተይው፣ እኔ አጸዳዋለሁ» አልኳት።

«አንተ ንቀል። ማጽዳት የእኔ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝና ክሩ ሲላላ ምን እንደሚደረግ አሳየችኝ፤ ብርድ ሲሆን በግራ በኩል ያለውን ብሎን ሩብ ዙር ማጥበቅ ነው። ስትጨርስ ጃኬቷን ለብሳ ወጣች። ሳትዞር ነው የወጣችው። እኔ መፍቻውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከአገሬው ሠራተኞች አንዱ ነው ያን ማሽን የነቀለው።

የቃሪያ ወር

መስከረም ላይ ኮንቴይነሮቹ ታሽገው ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ለጉዞ ተደርድረው ነበር። ያን ወር አገሩ ሁሉ ቃሪያ ይጠብሳል። ጫማ የሚያህል ቀይ ቃሪያ በጆንያ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ይጠበሳል፣ ይላጣል፣ ይፈጫል፣ አይቫር የሚሉት የክረምት ማባያ ይሆናል። ከተማው በሙሉ አንድ ሽታ አለው። የቀረው ቃሪያ በገመድ ተሰክቶ ከየሰገነቱ ስለሚንጠለጠል ግድግዳው ቀይ ይመስላል።

እሬቻ ላይ ቢሾፍቱ ሰው ማለቁን ያየሁት በአንዲት የፋብሪካው ልብስ ሰፊ ስልክ ላይ ነው። ወዲያው ለአስቴር ደወልኩ፤ አይነሳም። ኢንተርኔትም የለም። በሁለተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ በአራተኛው ቀን ደወልኩ። ሰበታ መንገድ መዘጋቱን ብቻ ሰማሁ። ቬራ ግቢ ውስጥ ምድጃዋ ላይ ነበረች፤ መጥቼ አጠገቧ ቆምኩ።

«ስልኩ ዛሬም አይገባም?» አለችኝ።

«አይገባም።»

«እህቴ ሳራዬቮ ነበረች፣ በጦርነቱ ጊዜ» አለች ከቃሪያው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «ስልክ ተቆረጠ። እኔ እዚህ ሆኜ በሐሳቤ ሁልጊዜ እቀብራት ነበር። ስቀብራት ስቀብራት እሷ ለካ ከጎረቤቷ ጋር ምድር ቤት ቁጭ ብላ ካርታ ትጫወታለች። በሐሳብ ሰው አይድንም። ና፣ ቃሪያውን አገላብጥ።»

አገላበጥኩ። እጄ ተቃጠለ፤ አልተሰማኝም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠራኝ። የሰበታው ፋብሪካ ተቃጥሏል። ኮንቴይነሮቹ አይንቀሳቀሱም። እኔ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ እዚያው መቆየት እችላለሁ አለኝ። በዚያው ቀን ቲኬት እንዲቆርጥልኝ ለመንኩት። ቬራ እስከ አውቶቡስ ተራው መጣች፤ አንድ ጠርሙስ አይቫር ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች። «ያች ሰፊ ደህና ከሆነች ደውልልኝ» አለችኝ። ፋብሪካው በመቃጠሉ ደስ ብሏት እንደሆነ ፊቷን አየሁት። ደስታ አልነበረበትም።

ከዓለም ገና በእግር

ቦሌ ስወርድ ጠዋት ነው። ላዳ ታክሲ ተኮናትሬ እስከ ዓለም ገና ደረስኩ። ሾፌሩ ከዚያ ወዲያ አልሄድም አለ፤ አልፈረድኩበትም። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። አንድ የጭነት መኪና ተቃጥሎ ቆርቆሮው ዝጎ ቆሟል። ሱቅ ሁሉ ዝግ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ ሰበታ አቀናሁ።

መንገድ አጋማሽ ላይ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ወጣቶች ከበቡኝ።

«ኤሳ ዱፍቴ?» አለኝ አንዱ፤ ከየት መጣህ ማለቱ ነው።

«ከውጭ አገር። ገረ መነ ኮቲ» አልኩ፤ ወደ ቤቴ።

ሻንጣውን አስከፈቱኝ። ከላይ ያለው የሥራ ጃኬቴ ነበር፤ ጀርባው ላይ የፋብሪካው ስም በትልቁ ተጽፏል። ወጣቱ አንስቶ ዘረጋው።

«የዚህ ፋብሪካ ሰው ነህ?» ወደ አማርኛ ዞረ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ቃሉ አልመጣልኝም። «መካኒክ ነኝ።»

«ተቃጥሏል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ሚስትና ልጅ አሉኝ። ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ነው የምንኖረው።»

«የገመቹ አባት?»

«አዎ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ወጣቱ ጃኬቱን ጠቅልሎ ቦይ ውስጥ ጣለውና ሻንጣውን በራሱ እጅ ዘጋልኝ። «ይሄን ይዘህ ብትሄድ ከፊት ያሉት ሳይጠይቁህ ነው የሚመቱህ» አለኝ። «ሂድ። ዳሩን ይዘህ ሂድ።»

ቤት

በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ «ኤኙ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፣ ማነው የሚሉት። ስሜን ስጠራ በሩ ተከፈተ። አስቴር ከዋናው ቤት ሮጣ ወጣች፤ ሜሮን ከኋላዋ። ስልኩ ለምን እንዳልሠራ፣ ምን እንደበሉ፣ ምኑም ምኑም አልተጠየቀም። ተቃቅፈን ቆምን።

አስቴር ኋላ ነገረችኝ። ፋብሪካው በተቃጠለ ዕለት ጥቂት ሰዎች የፋብሪካ ሠራተኛ አለ ብለው እዚህ በር ላይ መጡ። ኦቦ ቶሎሳ በርጩማ አውጥተው የበሩ አፍ ላይ ተቀመጡ። «እዚህ ያለው የእኔ ቤተሰብ ነው። የገመቹን አባት ረግጦ የሚገባ ካለ ይግባ» አሉ። ሰዎቹ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷና ልጄ ዋናው ቤት ነው የሚያድሩት።

ለቬራ የደወልኩት ስልኩ በተከፈተ ቀን ነው። «ካርታ ትጫወታለች?» አለችኝ ሄሎ እንኳ ሳትል። ኮንቴይነሮቹ ወደ ሌላ አገር መጫናቸውን፣ ወዴት እንደሆነ ግን ማንም እንዳልነገራቸው ያኔ ሰማሁ።

በመጣሁ በሁለተኛው ጠዋት ኦቦ ቶሎሳ ጥላ ሥር አስቀምጠው ስለ አገሩ ጠየቁኝ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ቃሪያው ነገርኳቸው። የቬራን ስነግራቸው ግን መቆዘም ጀመሩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠችበትን ነቀላችሁባት?»

«አዎ አባባ።»

«እሷም ነገረችህ፣ አንተም ሰማሃት። ደግ ነው።» ወደ አጥሩ ዞሩ። «እዚህ ፋብሪካው የቆመበት መሬት የማን እንደነበር ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እዚህ ግቢ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ስድስት።»

መሬቱ የእሳቸው እንደነበር ያኔ ገባኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ባሕር ተሻግሬ አንዲት የባዕድ ሴት ወንበሯን ስታጣ አዝኛለሁ፣ ቋንቋዋን እስከ መማር ደርሻለሁ። ከደጄ አሥር እርምጃ ርቀው የሚኖሩትን ሰው ግን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ከጉዞዬ ያገኘሁት ትምህርት ይኸው ነው፤ ያገኘሁትም ከተመለስኩ በኋላ ነው።

«ታዲያ አስቴርን ለምን አዳኑልኝ?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«መሬቴን የወሰደችው አስቴር ናት እንዴ?» አሉ፣ የተቆጡ መሰሉ።

«አይደለችም።» ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ። «መሬትዎ እስከ የት ድረስ ነበር፣ አባባ?»

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። አጥሩ ጥግ ወስደው ጥቁሩን የፋብሪካ አጽም እየጠቆሙ፣ ሽምብራው ከየት እስከ የት፣ ጤፉ ከየት እስከ የት፣ ከብቶቹ የሚጠጡበት ምንጭ በየትኛው መጋዘን ሥር እንደቀረ፣ ገመቹ ሲወለድ የተሰጠው ጥጃ የት ይታሰር እንደነበር አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሥራ ፍለጋ ልወጣ ያሰብኩበት ሰዓት አለፈ። አስቴር ለምሳ ጠራችን። ገና ግማሹን ነበር የነገሩኝ፤ ትንሽ እንድትታገሠን ነገርኳት።