አንካሳ ያልኩት ውሻ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ እሷም ሳትሰማው ተቀበረች። ለቄስም ለመጋቢም አልነገርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ራሴ እጽፈዋለሁ። አንተ የምታነበው፣ ስማኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሆሳዕና ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ሲመጣ አረማመዷን አይቼ የምፈርድ እኔ ነበርኩ። «እሱ ካየው አለቀ» ይሉ ነበር። እዚያው ሆሳዕና ዙሪያ፣ ሌሞ ውስጥ ሰፊ መሬት የነበራቸው አንድ ፊታውራሪ የፈረንጅ ውሻ ነበራቸው። አዲስ አበባ፣ ፈረንጆች ውሾቻቸውን በገመድ እያራመዱ አቋማቸውን የሚያወዳድሩበት ቦታ ሊወስዱት አሰቡ። ከቡችላነቱ ያሳደገው ጭሰኛቸው ላምቤቦ ነው፤ ጎረቤቴ። አረማመዱን እንድፈርድ ተጠራሁ።

ጠዋት ነው፣ ጉም አለ፣ ግቢው ረጥቧል። ላምቤቦ አራመደው። ደረቱ ጥልቅ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ። የኋላ እግሩ የፊተኛው ዱካ ላይ ልክክ ብሎ ያርፋል። እንዲህ ያለ አረማመድ በበቅሎም አይቼ አላውቅም። ዓይኔን ከእግሩ ሳልነቅል አየሁ። ላምቤቦ ሳቀብኝ።

«ምን ታፈጣለህ? አፉን ከፍተህ ዕድሜውን በጥርሱ ልትቆጥር ነው? ይሄ እኮ በቅሎ አይደለም ወንድሜ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊታውራሪውም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«ጌታዬ፣ ግራ የኋላ እግሩ ወደ ውጭ ይወረወራል» አልኩ። «ተመትቷል።»

ዋሸሁ። እኔ ነኝ የዋሸሁት። እግሩ ምንም አልነበረውም።

«በል መልሰህ አራምደው» አሉ ፊታውራሪው። ላምቤቦ አዞረው። ውሻው ግን ቆመና አየኝ። ያሳደገውን ሰው ሳይሆን እኔን አየ። ከዚያ ተራመደ፣ ግራ የኋላ እግሩን ወደ ውጭ እየወረወረ። ልክ እንዳልኩት። ማን አዘዘው? የእኔ አፍ ነው?

ላምቤቦ «እግዜር ያያል፣ እጄን አላነሳሁበትም!» እያለ ተገረፈ። ከነሚስቱ ከመሬቱ፣ ከእንሰቱ ተነቀለ። ወደ ዱራሜ ሄደ አሉ። እውነቱን ለመናገር ጊዜ አጣሁ? አላጣሁም። ጅራፉ ሲነሳ እዚያው ቆሜ ነበር። ዋሸሁ ብል «ዓይኑ ጠፋ» ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። ለዓይኔ ስም ሰው ሸጥኩ።

ውሻው አዲስ አበባ አልሄደም። እንዳነከሰ ኖሮ ሞተ፤ ሲቀበር አይቻለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ደጄ ጭቃ ላይ ዱካ አገኘሁ። ሦስቱ እግር ቀጥ ያለ፣ አራተኛው ወደ ውጭ የወጣ። እስከ ቤቴ በር ይመጣል፤ የሚመለስ ዱካ የለም። በየክረምቱ እንዲሁ። ሚስቴ እየጠረገች «የማን አንካሳ ውሻ ነው?» ትል ነበር። እኔ አላውቅም እል ነበር። ያንንም ዋሸሁ።

ዘንድሮ ዱካው ቀረ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ከጸሎት ስንመለስ የልጅ ልጄ ከኋላዬ ሳቀች።

«አባባ፣ ግራ እግርህን ለምን ትወረውረዋለህ?»

ዞሬ ጭቃውን አየሁ። ዱካውን አወቅኩት።

አያመኝም። ሐኪሙም ምንም የለብህም አለ። ውሻውም እኮ ምንም አልነበረበትም።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታው የላምቤቦ ነው፣ እሱን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልፈለግሁትም። ዱራሜ ሩቅ አይደለም። ያኔ እግሬ ጤነኛ ነበር።